የወዳጆ መኪና ፊልትሮ

ወዳጆን በሽታው የጣለው በሁዳዴ መግቢያ ላይ ነበር። ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሲያነሱት ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎ፣ አንደበቱም ተይዞ ነበር። ሆስፒታል ከርሞ ሲመለስ በከዘራ ጥቂት ጥቂት መራመድ ጀመረ፤ ንግግሩ ግን አልተመለሰም። አልፎ አልፎ አንዳንድ ቃል ይወጣዋል፤ ያም ቢሆን ያሰበው ቀርቶ ሌላው ይመጣበታል። ውሃ ሊል ፈልጎ በር ይላል። አንድ ቀን ሊጠይቀው የመጣ ሰው ሳያስበው ፈገግ አለበት። ከዚያ ወዲህ ወዳጆ መናገሩን እርግፍ አድርጎ ተወው።

ቀየት በምትባለው ትንሽ ከተማቸው ውስጥ እሱን የማያውቅ አልነበረም። በደርግ ጊዜም፣ ኢህአዴግ ከገባ በኋላም፣ በዚያ ብርዳም አገር ሰውና እህል ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነው። መኪናው አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ሲያስወግዳት የገዛት አሮጌ ላንድሮቨር ናት፤ በጃንሆይ ዘመን የመጣች፣ ሽማግሌ ማሽን። እሱ ከታመመ ወዲህ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ ጥላ ስር ቆማ ቀረች። ጎማዎቿ ተነፈሱ፤ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ይጥልባት ጀመር።

ሚስቱ ጌታነሽ ወፍጮውን ይዛ ቤቱን አቆመች። የናፍጣ ሞተር ነውና ዘይት መለወጡን፣ ቺንጋውን ማጥበቁን ከለመደችው ቆይታለች። የጎረቤት ሰው፣ «ምነው ያችን መኪና ለቁራጭ ብረት እንኳ ብትሸጫት?» ሲላት፣ «አስብበታለሁ» ትላለች። እውነትም ታስብበት ነበር።

ሐሳቧን ያስለወጣት አንድ ከሰዓት በኋላ ያየችው ነገር ነው። ወዳጆ እንደ ልማዱ ግድግዳውን ተደግፎ መደብ ላይ ተቀምጧል። ገብስ የጫነ አይሱዙ ቁልቁል ካለው ድልድይ ተነስቶ ዳገቱን እያቃሰተ ወደ እነሱ ደጅ ይወጣል። ጌታነሽ የገብስ ጆንያ አፍ እየሰፋች ቀና ስትል፣ የባሏ ግራ እግር መሬቱን ጫን አደረገና ለቀቀ። ቆይቶ እንደገና ጫን፣ ለቀቅ። መጀመሪያ በሽታው የሚያንቀጠቅጠው መስሏት ደነገጠች። ኋላ ጆሮዋን ጣል ስታደርግ፣ እግሩ የሚወርደው ያ ሾፌር ማርሽ መለወጥ ባለበት ሰዓት ሆኖ አገኘችው። ወዳጆ ፍሪሲዮን እየረገጠ ነው። ሾፌሩ ዘግይቶ ሲቀይርና ሞተሩ ሲንገጫገጭ የወዳጆ ፊት ኮሶ እንደጠጣ ሰው ኮምጨር አለ።

«ዘገየ አይደል?» አለችው ጌታነሽ።

ቀና ብሎ አያትና ራሱን ነቀነቀ።

በማግስቱ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ሰው ላከች። ትዕዛዙ የሚባል መካኒክ እዚያ ጋራዥ አለው፤ በጉብዝናው ጊዜ የወዳጆ ረዳት ነበር። መጣ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ሞተሩን በእጁ ሊያዞረው ሞከረ።

«እትዬ ጌታነሽ፣ አልዋሽዎትም፤ ፒስተኖቹ ተጣብቀዋል» አላት። «ግን የጋሽ ወዳጆ መኪና ናት። መንዳት ያስተማረችኝም እሷ ናት። እንሞክራታለን።»

ሥራው አንድ በጋ ሙሉ ፈጀ። ሞተሩ ወረደ፤ አዲስ አበባ ቶርኖ ቤት ደርሶ ተመለሰ፤ ፋሻው፣ ብሮንዙ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ የሞተሩ የውስጥ ዕቃ ሁሉ ተለወጠ። ጌታነሽ፣ የመፍቻ ድምፅ ሲሰማ ይመጣል፣ ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። ወዳጆ አንድ ቀን ብቻ ብቅ አለ። የመኪናዋ ሆድ ዕቃ ጆንያ ላይ ተዘርግቶ ሲያይ ፊቱን አዙሮ ወደ ቤት ገባና ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል አላለፈም። ጌታነሽ ከፋት። ለማን ብዬ ነው ይህን ሁሉ የማደርገው፣ ያለችበት ቀን አለ። ሥራውን ግን አላስቆመችም።

በመጨረሻ ሁሉ ነገር ተገጥሞ የዘይት ፊልትሮ ብቻ ቀረ።

«ይሄን አስመስለን የምንገጥመው አይደለም» አለ ትዕዛዙ። «አዲስ የታደሰ ሞተር መጀመሪያ ላይ የብረት ብናኝ ያወጣል። ፊልትሮው ይዞ ካላስቀረው ከዘይቱ ጋር ዞሮ ዞሮ የሞተሩን ብሮንዝ ይበላዋል። ልፋታችን ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።»

የድሮ ሞተር ፊልትሮ እንደ ዛሬው በቆርቆሮ ታሽጎ በአንድ ላይ የሚጠመዘዝ አይደለም። ከሞተሩ ጎን ጣሳ የሚያህል ብረት አለ። በጣሳው መሐል ረጅም ቡሎን ያልፋል፤ ከታች ሲጫኑት የሚያጥር የሽቦ ጥቅልል፣ ሞላው፣ ተቀምጧል፤ ፊልትሮው እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ወረቀት ሆኖ በቡሎኑ ላይ ይሰካል። ሲያልቅ ወረቀቱ ብቻ ተጥሎ በአዲስ ይተካል። ጌታነሽ በዘይት የጠቆረውን አሮጌ ፊልትሮ በላስቲክ ጠቅልላ፣ በጠዋቱ አውቶቡስ ደብረ ብርሃን ወረደች።

መጀመሪያ የገባችበት ሱቅ ባለቤት «ላንድሮቨር» የሚለውን ቃል ሲሰማ ነጭ የታሸገ ፊልትሮ አቀበላት። አገላብጣ አይታ የራሷን አሮጌ ፈትታ አሳየችው። ሳቀ። «ይሄማ ከእኔ በፊት የነበረ ነው፣ እናቴ።» ሁለተኛው ሻጭ በዕድሜ ትልቅ ሰው ነው፤ ምንም ፊልትሮ እንደማያስፈልጋት፣ ድሮ ሾፌሮች ጨርቅ ጠቅልለው እንደሚያስገቡበት ነገራት። አመስግናው ወጣች። ወዳጆ ጨርቅ ሲያስገባ አይታ አታውቅም።

ቀኑን ሙሉ ተንከራታ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል አርሴማ የምትባል ወጣት ሴት ወደያዘችው የመለዋወጫ ሱቅ ገባች። ሱቁ የአባቷ ነበር። አርሴማ አሮጌውን ፊልትሮ በጋዜጣ ላይ አስቀምጣ ለካችው፤ ከዚያ መሰላል ወጥታ ከቆጡ ላይ አቧራ የለበሱ ካርቶኖች አወረደች። ከመካከላቸው ሁለት ፊልትሮ ወጣ።

አንደኛው በቁመት ከአሮጌው ጋር እኩል ነው፤ የመሐል ቀዳዳው ግን በጥቂቱ ሰፋ ይላል። ሁለተኛው ቀዳዳው ልክክ ያለ ነው፤ ቁመቱ ግን በጣት ጥፍር ያህል ይረዝማል።

«የትኛው ነው?» አለች ጌታነሽ።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ እትዬ፣ እኔ አላውቅም» አለች አርሴማ። «አባቴ ቢኖር ያውቅ ነበር። ሁለቱንም ይውሰዷቸው፤ ያልገጠመውን በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ ይላኩልኝ። ጎሚኒውም አብሮ አለ፤ እሱ ሲቀየር አብሮ መቀየር አለበት።» ዘይት እንዳያፈስ የጣሳው አፍ ላይ የሚቀመጠውን ክብ ጎሚኒ በየፊልትሮው ካርቶን ውስጥ አሳየቻት።

ቅዳሜ ትዕዛዙ መጣ። ሁለቱንም አይቶ ወዲያው እኩል ቁመት ያለውን አነሳ። «ይሄ ነው። ያኛው ይረዝማል፣ ጣሳው አይዘጋም።»

ጌታነሽ ግን አንድ ነገር ከነከናት። «ቆይ፣ ትዕዛዙ። አንድ ሰው እንጠይቅ» አለችና ፊልትሮዎቹን፣ ጣሳውን፣ ቡሎኑንና ሞላውን በሰፌድ ይዛ ወደ መደቡ ሄደች። ሰፌዱን ባሏ ጭን ላይ አኖረችው።

«ተቸግረን ነው» አለችው። «እኔም አላውቀው፣ ትዕዛዙም እርግጠኛ አይደለም። የትኛው ነው?»

ወዳጆ አያያቸውም ነበር። ደጁን ነበር የሚያየው። ጌታነሽ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ትዕዛዙም ራቅ ብሎ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ትንሽ ቆይቶ የወዳጆ ግራ እጅ ተንቀሳቀሰ። ጣቶቹ በሰፌዱ ላይ ዳበሱ። ቡሎኑን አንስቶ በጉልበቶቹ መሐል አቆመው፤ ትዕዛዙ የመረጠውን ፊልትሮ ሰካበት። ፊልትሮው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ተወዛወዘ። ወዳጆ ቀዳዳውንና ቡሎኑን በሚለየው ክፍተት ጥፍሩን አስገብቶ ለጌታነሽ አሳያት።

«በዚህ ያመልጣል» አለች ጌታነሽ፤ ገባት። «ዘይቱ በወረቀቱ ሳይሆን በዚህ ያልፋል።»

ራሱን ነቀነቀ። ረጅሙን ሰካው። ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ሞላውን አንስቶ በመዳፉ ተጫነው። ሞላው ተጨምቆ አጠረ።

«እውነትም» አለ ትዕዛዙ ቀረብ ብሎ። «ቁመቱን ሞላው ይውጠዋል። ቀዳዳውን ግን የሚያጠብበው ነገር የለም። ጋሽ ወዳጆ፣ እጅ ነሥቻለሁ።»

ወዳጆ ከዘራውን ፈለገ። ጌታነሽ አቀበለችው፤ ሊያግዘው የቀረበውን ትዕዛዙንም በዓይኗ ከለከለችው። ራሱ ተነስቶ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ፣ ወፍጮ ቤቱን ዞሮ ከመኪናዋ ፊት ቆመ። በርጩማ አመጡለት።

ትዕዛዙ ፊልትሮውን ገጠመ፤ አዲሱን ጎሚኒ አደረገ፤ ዘይት ሞላ። ከጋራዡ ያመጣውን ባትሪ አሰረ። ጌታነሽ ቁልፉን ስታዞር ሞተሪኖው አጉረመረመ፣ ተወ፣ አጉረመረመ። ከዚያ ሞተሩ አስነጠሰና ተነሳ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። ጌታነሽ መሪውን ጨብጣ ሳለች፣ ትዕዛዙ ከስር «አጥፊ፣ አጥፊ» አለ።

ዘይቱ ከጣሳው አፍ ዙሪያ ይንዠቀዠቃል። ትዕዛዙ ቡሎኑን አጠበቀው፤ ሲያስነሱት ባሰበት። ደግሞ አጠበቀው፤ ያው ነው። መሬቱ ጠቆረ።

«ረዝሟል» አለ ትዕዛዙ ቀስ ብሎ፣ ወዳጆ እንዳይሰማው። «ጣሳው አልተቀመጠም። ያኛውን እንሞክር እንጂ።»

ጌታነሽ እጇን ከመሪው አነሳች። ባሏ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ አንድ ነገር መርጦ፣ እሱም ስህተት ሆኖ ከተገኘ፣ ዳግመኛ ከመደቡ እንደማይነሳ ታያት። ልታየውም ፈራች።

«ሁለት» አለ ወዳጆ።

ሁለቱም ዞሩ። ድምፁ የዛገ ነበር።

«ሁለቱንም ሞክሩ ነው የሚሉት?» አለ ትዕዛዙ።

ወዳጆ ራሱን ወዘወዘ። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። ቃሉ ተሳስቶበት እንደሆነ ራሱም የተጠራጠረ መሰለ፤ አፉን ከፍቶ ዘጋ። ጌታነሽ ወርዳ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለች። «አይዞህ። ጊዜ አለን። ሁለት ምን?»

በግራ እጁ አመልካች ጣት አየር ላይ ክብ ሠራ። ቆየና በዚያው ላይ ሌላ ክብ ሠራ። «ሁለት» አለ ደግሞ፣ አሁን ጠንከር አድርጎ።

ጌታነሽ ክቡን አየችው። «ጎሚኒ» አለች። «ትዕዛዙ፣ አሮጌውን ጎሚኒ አውጥተኸዋል?»

ትዕዛዙ ጣሳውን ፈትቶ የጣሳው አፍ የሚያርፍበትን፣ ከሞተሩ በኩል ያለውን ቦይ በጣቱ ዳበሰው። ለስላሳ ነው፤ ብረት ነው የሚመስለው። በቀጭን ካቻቢቴ ጫፍ ሲፍቀው ግን ጥቁር ነገር ተፈነቀለ። የድሮው ጎሚኒ እዚያው ደርቆ፣ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኖ ኖሯል፤ አዲሱን በላዩ ላይ ነበር የደረበው። ቁርጥራጩን በመዳፉ ይዞ ወደ ወዳጆ ሄደ።

«ረዳትዎ ሳለሁ በዚሁ ተቆጥተውኝ ነበር፤ ዛሬም ደገምኩት» አለ እየሳቀ።

የወዳጆ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ጌታነሽ ደንግጣ ቀና ስትል፣ ባሏም እየሳቀ ነው።

ቦዩ ተጠርጎ አንድ ጎሚኒ ብቻ ሲገባ ጣሳው ጥርቅም ብሎ ተቀመጠ። ሞተሩ ተነስቶ ሲያጓራ ዋለ፤ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። በማግስቱ ከቅዳሴ የተመለሰ ሰው ሁሉ እየቆመ አየ።

ጌታነሽ ያን ክረምት መንዳት ተማረች። ድሮ በሙሽርነቷ ጊዜ ወዳጆ ገበያው ሜዳ ላይ ጥቂት አስነድቷት ያውቃል። አሁን ደግሞ ከጎኗ ተቀምጦ አስተማራት፤ «ቀስ»፣ «አሁን»፣ «ተይ» በሚሉ ቃላት። ቃል ሲሳሳትበት ጉልበቷን መታ መታ ያደርጋታል፤ ይገባታል። አንዳንዴም ትሳሳታለች፣ ይቆጣታል፣ ትቆጣዋለች፤ ጎረቤት እነዚህ ሰዎች እንደገና መጣላት ጀመሩ ብሎ ተደሰተ። ደብረ ብርሃን ሄዳ ተፈትና መንጃ ፈቃድ አወጣች።

መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ወደ ራቤል ተነሡ። የወዳጆ ታላቅ እህት ተሾመች እዚያ ናት፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ወንድሟ ከታመመ ወዲህ አላየችውም። በጓሳ ደጋ በኩል ሲያልፉ ብርዱ በበሩ ክፍተት እየገባ ጆሯቸውን ቆነጠጣቸው፤ ሣር ጭነው የሚሄዱ ሰዎች ፈረሶቻቸውን ወደ ዳር ስበው እጅ አነሡላቸው።

ተሾመች የሞተር ድምፅ ሰምታ ግድግዳውን እየተደገፈች ወጣች። ወንድሟን ከመኪናዋ ሲወርድ ስታየው አንገቱን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ ወደ መኪናዋ አየች፣ ሾፌር ፈለገች።

«ማን አመጣችሁ?»

ወዳጆ በከዘራው ጌታነሽን አሳያት። ቃሉን እስኪያገኘው ቆየ፤ ማንም አላቋረጠውም።

«እሷ… ነዳች» አለ።

«አንቺ? ይህን ሁሉ ገደል?»

«ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኛል፣ እትዬ ተሾመች» አለች ጌታነሽ የራስ መሸፈኛዋን እያስተካከለች። «አሁን ግን መኪናዋ ረጋ እስክትል ኮፈኑን ልክፈትላት፤ ውሃም ትፈልጋለች።»

ተሾመች ውሃ ልታስቀዳ ገባች። ወዳጆ ግን ወደ ቤት አልተከተላትም፤ ከሚስቱ ጎን ቆሞ ኮፈኑን በግራ እጁ ደግፎ ያዘላት።