የስንደዶ ልክ

አምባቸው ከሸሚዙ የደረት ኪስ እስክሪብቶ አያወጣም፤ ስንደዶ ነው የሚያወጣ። ሚስቱ የብርጓል ሰፌድ ስትሰፋ ከምትጥለው ቁራጭ መርጦ፣ ጫፉን በጥርሱ አስተካክሎ፣ ኪሱ ላይ ሽቅብ ሰክቶት ይውላል። በቴክኒሻንነት የሚሠራበት የባሕር ዳር ወደብ መሥሪያ ቤት ሰዎች «የሰፌድ መሐንዲስ» ይሉታል። ይበሉ። ለሳቅ የሚሆን ነገር ከተገኘ እነሱ ሥራ መች ይወዱና!

ስንደዶው ግን ሥራ አለው። በሬዲዮና በአንቴና መካከል የሚዘረጋው ጥቁር ኬብል ጫፉ ላይ ማገናኛ ይታሰርለታል። ወንዴው ማገናኛ መሐሉ ላይ መርፌ አለው፤ ሴቴው ያንን መርፌ የሚቀበል ቀዳዳ። ታዲያ ማገናኛ ሁሉ አንድ አይደለም። ለመገናኛ ሬዲዮ የሚሆነው፣ ባለሃምሳ ኦም የሚሉት፣ መርፌው ወፈር ያለ ነው። ለቴሌቪዥን ዕቃ የተሠራው፣ ባለሰባ አምስቱ፣ መርፌው ቀጭን ነው። ከውጭ ሲያዩዋቸው መንትያ ናቸው፤ ያው ብረት፣ ያው ጥርስ፣ አንዱ በሌላው ላይ ሲጠመዘዝ እሺ ብሎ ይገባል። ተንኮሉም እዚያ ላይ ነው። ወፍራሙን መርፌ በጠባቡ ቀዳዳ ቢያስገቡት ቀዳዳውን ይሰነጥቀዋል፤ ቀጭኑን በሰፊው ቢከቱት ደግሞ መርፌው መሐል ላይ ተንጠልጥሎ ሲፈልግ ይነካል፣ ሳይፈልግ ይተዋል።

አምባቸው ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ነው። ይህን ያወቀው በጦር ሠራዊት መገናኛ ክፍል የሽቦ ጥቅልል በጀርባው ተሸክሞ አሥራ አንድ ዓመት ሲዞር ነው። ስንደዶው በሴቴው ቀዳዳ ከገባ ሃምሳ፣ እምቢ ካለ ሰባ አምስት። ዲፕሎማው ይኸው ነው።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሽር ጉድ ሲባል፣ በጣና ላይ ወደ ደቅ ደሴት የምትመላለሰው ጀልባ ሬዲዮ ይገጠምላት ተባለ። እንግዶች ይዛ ትሄዳለችና ከባሕር ዳር ጋር መነጋገር አለባት። ለነጂዋ ለቡርሀን ግን ሬዲዮው የበዓል ጌጥ አልነበረም። ባለፈው ክረምት ሃያ ሁለት ሰው ጭኖ ሐይቁ መሐል ሞተር ጠፍቶበት፣ ማዕበሉ ከጧት እስከ ማታ ሲያላጋው፣ ድረሱልኝ የሚልበት አጥቶ የዋለ ሰው ነው።

ገጠማውን ሁሉም ለአምባቸው ይሰጣል ብሎ ነበር። ለመርስዔ ኀዘን ተሰጠ። መርስዔ ኀዘን ውጭ አገር ስድስት ወር ሠልጥኖ «መሐንዲስ» ተብሎ የመጣ ጎረምሳ ነው። ለዚያ ሥልጠና መጀመሪያ የተጻፈው የአምባቸው ስም ነበር፤ ኋላ «የትምህርት ደረጃው አይፈቅድም» ተብሎ በቀይ ተሰረዘ። የቀዩን መስመር ርዝመት አምባቸው ዛሬም በጣቱ ለክቶ ያሳያችኋል።

መርስዔ ኀዘን ግምጃ ቤት ገብቶ ከሁለቱ የማገናኛ ካርቶን የሚያብለጨልጨውን መረጠ። ግምጃ ቤቱን የምትይዘው ሰገነት «ጋሽ አምባቸውን ብንጠይቃቸውስ?» ብትለው፣ «ካርቶን ለመክፈት ነው ወይስ ሰፌድ ለመስፋት?» አላት። ኬብሉን ራሱ አሰረ፣ ጀልባዋ ላይ ወጥቶ ጠመዘዘና በሬዲዮው ተጣራ። ከወደቡ ቢሮ ጥርት ያለ መልስ መጣ። ተጨበጨበለት።

«ና ፈርም» አለው አምባቸውን። በዕድሜ ልጁ የሚሆን ሰው፣ «አንተ» ብሎ።

«ምን ላይ?»

«ርክክቡ ላይ ነዋ። ተፈትሾ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል ይላል። የቴክኒሻን ፊርማ ይፈልጋል።»

«ማን ፈተሸው?»

«ሲሰማ አልሰማህም?»

«ሰማሁ። ጀልባዋ ቆማ ነው የሰማሁ።» አምባቸው ማገናኛውን ፈታና ስንደዶውን መዘዘ። ከመርፌው ጎን አቆመው፤ መርፌው የስንደዶውን ግማሽ ቢሆን ነው። ከዚያ ስንደዶውን በሬዲዮው ቀዳዳ ሰደደው፤ ሰተት ብሎ ገባ። «ይኸው። ሬዲዮው ሃምሳ ነው፤ ያሰርኸው የቴሌቪዥን ነው። ትንሽ ሲነቃነቅ ይለቃል።»

«ገጥሟል፣ ሠርቷል! ለሣር ብዬ ሥራ ላፈርስ ነው?»

«አታፍርስ። እኔም አልፈርምም።»

አምባቸው የፊርማን ነገር ያውቃታል። ከስድስት ዓመት በፊት የያኔው አለቃው በጥድፊያ ባስተከለው የአንቴና ምሰሶ ላይ «ግድ የለህም» ተብሎ ፈረመ። ምሰሶው በሳምንቱ ወደቀ። አለቃው በዕድገት ተዛወረ፤ አምባቸው ሁለት ዓመት በር ጠበቀ፣ ለማንም ከርፋፋ መኪና ሲመጣ እየዘለለ ሰንሰለት ፈታ።

«ጓድ አምባቸው» አለ መርስዔ ኀዘን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የአብዮት በዓልን ሥራ ማደናቀፍ ምን እንደሚባል ታውቃለህ? አሻጥር ነው የሚባለው።»

በዙሪያቸው የነበረው ሰው ሁሉ ድንገት ሌላ ቦታ ጉዳይ እንዳለው ትዝ አለው። በዚያ ዘመን ያች ቃል ሰው ቤት ከገባች ሰውየውን ይዛ ነበር የምትወጣ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ የውይይት ክበብ ነበር። ሰብሳቢው ሀብተ ሥላሴ መነጽሩን ጠርጎ፣ «ጓድ አምባቸው ግለሂሱን ያቀርባል» አለ። ግለሂስ ማለት ሰው በጉባኤ ፊት ቆሞ ጥፋቱን በገዛ አፉ የሚናዘዝበት ነው፤ ያጠፋው እንኳ ባይኖረው ፈልጎ ያመጣል። ዓባይ ማዶ ካለው ቤቱ ሲወጣ የብርጓል «ፈርምና ግባ፣ ልጆች አሉን» ብላው ነበር።

አምባቸው ተነሣ። «ግለሂሴን አቀርባለሁ» አለ፤ አዳራሹ እፎይ አለ። «ጥፋቴ ከስድስት ዓመት በፊት በሰው ሥራ ላይ መፈረሜ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥፋት የለብኝም።»

«ምን?» አለ ሀብተ ሥላሴ።

«ጀልባዋ እዚሁ ደጃችን ናት። ቡርሀን ሞተሩን ያስነሣ፤ መሐንዲሱ በሬዲዮ ይናገር። ከተሰማ እዚያው እፈርማለሁ፤ አሻጥረኛ ነኝ ብዬም እፈርማለሁ።»

«ይህ ጉባኤ በሞተር አይመራም!» አለ መርስዔ ኀዘን ብድግ ብሎ።

ከኋላ ወንበር ቡርሀን ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ ሰብሳቢ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ውኃው ላይ የምወጣው እኔ ነኝ። ወላሂ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ደቅ የሚደርስ ጀልባ ካለ እናንተ ንዱት።»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁለት። ሀብተ ሥላሴ የበዓሉን እንግዶች አሰበ መሰል፣ መነጽሩን ኪሱ ከተተና «ይሞከር» አለ። ሰገነት ቢሮ ቁጭ ብላ ልታዳምጥ ገባች፤ ሌላው ወደ ወደቡ ወረደ።

ሞተሩ ተነሣ። ወለሉ፣ መስታወቱ፣ የሰው አገጭ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። መርስዔ ኀዘን የሬዲዮውን መነጋገሪያ ጨበጠ። «ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር፣ አብዮታዊ ሰላምታዬን...»

የሰገነት ድምፅ «ይሰማ...» ብሎ ተቆረጠ። ከዚያ ጭጭ። መርስዔ ኀዘን ሬዲዮውን በመዳፉ መታው፤ አንድ ጊዜ አንጫጫና ተመልሶ ጠፋ። ኬብሉን ሲነካው ይመጣል፣ ሲለቀው ይሄዳል።

«ሰላምታውን እንኳ ሳያደርስ ሞተ» አለ ቡርሀን ለአምባቸው በጆሮው።

«ሞተሩን ስታጠፉት ይሠራል!» አለ መርስዔ ኀዘን።

«እንግዲያ እኔ በዋና እየጎተትኋት ልሂድ?»

አሁን ሁሉም ሳቀ፤ ሰብሳቢው ግን አልሳቀም። ሰገነት ከቢሮው ስትሮጥ መጣች፣ ወፍራም መርፌ ያላቸውን ማገናኛዎች በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ። ማንም አላዘዛትም። «ከታችኛው መደርደሪያ ነው፣ ጋሽ አምባቸው። ባለፈው ነግረውኝ ለይቼ አስቀምጫቸዋለሁ።» አምባቸው እያንዳንዱን ከስንደዶው ጋር አስተያየ፣ አሰረ፣ በየደ፣ ጠመዘዘ። ሞተሩ እያጓራ ሬዲዮው ተናገረ።

ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ግን እንዲህ አለ፦ «በጓድ መርስዔ ኀዘን ጥብቅ ክትትል ጉድለቱ ተገኝቶ ታርሟል። ጓድ አምባቸው ስላሳየው የሥነ ሥርዓት ጉድለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው።» አምባቸው ማስጠንቀቂያውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ርክክቡን አምጡ አለና ፈረመ፤ ከፊርማው ጎን በትልልቁ፣ በዚያ በተጣመመ ጽሕፈቱ «ይህን ያሰርሁት እኔ ነኝ» ብሎ ጨመረበት። ሀብተ ሥላሴ «ቅጹ ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ የለውም» ቢለው፣ «አበጀሁለት» አለው።

በማግስቱ ጀልባዋ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ጥቂት የደቅ ሰዎች ጭና ለሙከራ ወጣች። አምባቸው እንዲሄድ አልታዘዘም፤ እንዳይሄድም የከለከለው የለም። የደብረ ማርያምን ደሴት አለፍ ብለው ንፋሱ ሲነሣ፣ ማዕበሉ አፍንጫዋን ማንሣትና መጣል ሲጀምር፣ ቡርሀን መሪውን እንደያዘ በአገጩ ወደ ሬዲዮው ጠቆመው። «በል እንጂ፣ ያንተ ሥራ አይደል? ተናገርበት!»

አምባቸው መነጋገሪያውን አነሣ። «ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር። ይሰማል?»

ቢሮው ውስጥ የነበረው መርስዔ ኀዘን ነው። «ማነው የሚናገር?»

«አምባቸው።»

«ያልተፈቀደለት ሰው በሬዲዮ አይናገርም! ቡርሀንን አቅርብ!»

«ቡርሀን እየነዳ ነው። ይሰማል ወይስ አይሰማም?»

ሞተሩ ያጓራል፣ ውኃው የጀልባዋን ጎን ይጠፈጥፋል። ከቢሮው የወንበር ሲጢጥታ ሳይቀር በሬዲዮው መጣ።

«ይሰማል» አለ መርስዔ ኀዘን።

እያንዳንዱ ፊደል ጥርት ብሎ ገብቷል። ቡርሀን ሰምቷል፣ ከኋላ የተቀመጡት የደቅ ሰዎችም ሰምተዋል። አምባቸው ግን መነጋገሪያውን አፉ ጋ አስጠጋ።

«አልሰማሁም» አለ። «ድገም።»