የአክስት ሁለት ጸሎት

ቪዲዮ ሠሪዋ የሰዎችን ጸሎት ቀርፃ በአዳራሽ ግድግዳዎች ላይ ስታሳይ፣ ከሁሉ ልቧን የሰቀለው የአክስቷ ምስል ነበር። አክስቷ «ማየት አያስፈልገኝም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳዪው» ብላ ፈቅዳለች። በመክፈቻው ቀን የባሏን እህት አስከትላ መጥታ ፊት ወንበር ላይ ጉብ አለች።

ግድግዳው ላይ አክስት ተንበርክካ ስለ ዓለም ሰላምና ስለ በሽተኞች እንባዋን ታወርዳለች። ተመልካቹ ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ የግድግዳዋ አክስት ዓይኗን ጠራርጋ «ካሜራው ጠፋ አይደል?» አለች። «በል ጌታዬ፣ አሁን ወደ ጉዳያችን። የመዘምራኑ መሪነት ለእኔ ይሁን። ለባሌ እህት እንዳትሰጣት፤ ድምጿ እንደሆነ ዘይት ያጣ በር ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቪዲዮ ሠሪዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ይህን ክፍል ሳትቆርጥ የተወችው፣ ከሁለቱ እውነተኛው ጸሎት የትኛው እንደሆነ ሰው እንዲጠይቅ ብላ እንጂ አክስቷን ልታዋርድ አልነበረም።

አክስት ግን ብድግ አለች። «ምን ያስቃችኋል? ሁለቱንም ከልቤ ነው የጸለይኩት!»

የባሏ እህት ቀሚሷን ጎትታ አስቀመጠቻት። «ተይ እቴ፣ አትቆጪ። እኔም ስላንቺ የምጸልየውን የሚቀርፅ ጠፍቶ ነው።»