«ልክ ነው» እስክትለው ድረስ

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጩኸት የማትወድ ሴትዮ ናት። ባለፈው ዓመት «የቪዲዮ ጌም ጥበብ ነው ወይስ አይደለም?» ብላ ሰው ብትሰበስብ ሁለት የተማሩ ሰዎች ተሰዳድበው፣ አንደኛው የሌላውን መነጽር ሰብሮ አረፈው። ስለዚህ ዘንድሮ ሕግ አወጣች። ማንም ሰው መልስ ከመስጠቱ በፊት የተከራካሪውን ሐሳብ በራሱ አፍ ይናገርለታል፤ ባለ ሐሳቡ «ልክ ነው» ካላለ ወደ መልስ አይታለፍም። ሴትዮዋ ይህን ያደረገችው ለጨዋነት ብላ እንጂ የሰው ቁስል ልትነካካ አልነበረም።

በአንድ ወገን የተጋበዘው ሰዓሊው ነው፤ ጢሙ የሸበተ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው። «ጌም ማለት የሕፃን መጫወቻ ነው» ብሎ በሬዲዮ ተናግሯል። ካፍ ከወጣ አፋፍ! በሌላው ወገን የተጋበዘችው ጌም ሠሪ ደግሞ የገዛ ታናሽ እህቱ ናት። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ አልተነጋገሩም። ግብዣውን እሺ ያለውም ክርክር አምሮት አይደለም። እህቱ ናፍቃዋለች። ነገር ግን እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ ስልክ አንስቶ «ናፈቅሽኝ» ማለት አቃተው።

ሐሳቧን ለመናገር ጌሟን መጫወት ግድ ሆነበት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀለም የነካካ ጣቱን ጠራርጎ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። መጀመሪያ ላይ መራመድ እንኳ አቅቶት ከግድግዳ ጋር ሲላተም ቆየ። በሩን አግኝቶ ሲገባ ግን ክው አለ። የእናቱ ቤት ነበራ! እግሩ የሚነቃነቀው ጠረጴዛ፣ የተሰነጠቀው የመስኮት መስታወት፣ አልጋው፣ ሁሉም በየቦታው አለ። ግድግዳው ላይ ያረፈውን የከሰዓት ብርሃን አይቶ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀናባት።

ተጫዋቹ የሚሆነው ልጅቷን ነው። ለታመመች እናቷ ውሃ ታመጣለች፣ ትራስ ታስተካክላለች። እናትየው በየመሃሉ «ወንድምሽ መጣ?» ትላለች። የሚመረጠው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ «መንገድ ላይ ነው»። «መንገዱ ተዘጋግቶበት ይሆናል» ትልና እናትየው ፊቷን ወደ በሩ ታዞራለች። ሰዓሊው ሌላ መልስ ፍለጋ ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ደበደበ። ምንም የለም። ወንድምየው ሳይመጣ ጌሙ አለቀ።

እውነትም አልመጣም ነበር። እናቱ አልጋ ላይ ሲውሉ እሱ ትልቁን ኤግዚቢሽኑን እያዘጋጀ ነበር። እህቱ በደወለች ቁጥር፣ ብሩሹን እንኳ ሳያስቀምጥ፣ «መንገድ ላይ ነው በያት» ይላት ነበር። የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እህቱ በሩን ከፍታ አየችውና ወደ ውስጥ ተመለሰች።

በክርክሩ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። «ጋሼ» እያለች ኮቱን ይዛ ያደገችው እህቱ «እንደምን አሉ?» ብላ በሩቁ ጨበጠችው።

ሰዓሊው ተነሣ። «እርስዎ፣ ጌም እንደ ሥዕል ሁሉ ብርሃንና ቅርጽ ስላለው ጥበብ ነው ይላሉ።»

«አይደለም» አለች እህትየው።

«ሰው ተመልካች ብቻ ሳይሆን አድራጊ ስለሚሆንበት ነው ይላሉ።»

«ቀርበዋል። ግን አይደለም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። «አይዞዎት፣ እንደገና ይሞክሩ» አለች ኃላፊዋ። ሰዓሊው ጽፎ ያመጣውን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ሥዕል ቢሆን ኖሮ ቆሜ አይቼ፣ አቤት ሲያሳዝን ብዬ እሄድ ነበር» አለ። «እዚህ ግን መልሱን የምጫነው እኔው ነኝ። እናቴን በገዛ ጣቴ ዋሸኋት። እኔ በስልክ የላክሁትን ውሸት አልጋዋ ድረስ ወስደሽ፣ ዓይኗን እያየሽ የምትነግሪያት አንቺ ነበርሽ። ያንን እንዳየው ብለሽ ነው የሠራሽው።»

እህትየው ጠረጴዛው ላይ እንዳቀረቀረች «ልክ ነው» አለች።

«መልካም! አሁን መልስዎን ይስጡ» አለች ኃላፊዋ ደስ ብሏት።

«መልስ የለኝም» አለና ተቀመጠ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከኋላው ያለው ሰውዬ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «እንዲህ ያለ ጨዋ ክርክር አይቼ አላውቅም!» አለው። ሰዓሊው ግን የሚያየው እህቱ ቦርሳዋን ስትይዝ ነው። ደጅ ላይ ሮጦ ደረሰባት።

«እሑድ ቤት ነይ። ምሳ አብረን እንብላ።»

«እሺ» አለች።

እሑድ ዕለት ሰዓሊው በጠዋት ተነሥቶ ቤቱን ጠረገ። ለዓመታት የቀለም ቆርቆሮ ሲሸከም የኖረውን ሁለተኛውን ወንበር አጥቦ፣ ከጠረጴዛው ጋር አስጠጋው። ሁለት ሳህን፣ ሁለት ብርጭቆ። ወጡ ሞቀ፣ ቀዘቀዘ፣ እንደገና ሞቀ። ደጅ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ብድግ ይላል፤ የጎረቤት እንግዳ ነው። በመጨረሻ ደወለላት።

«የት ደረስሽ እህቴ?»

በስልኩ ውስጥ ከቧንቧ የሚወርድ ውሃና ሲታጠቡ የሚንኳኩ ሳህኖች ይሰማሉ። የመኪና ድምፅ የለም።

«መንገድ ላይ ነኝ» አለችው።

«እሺ፣ ቀስ ብለሽ ነይ» አለ። ስልኩን አስቀመጠ። ምግቡን ከደነና የራሱን ወንበር ወደ በሩ አዙሮ ተቀመጠ።

«መንገዱ ተዘጋግቶባት ይሆናል» አለ ብቻውን።