የአበልጅ እቅፍ

ዕፀገነት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከድንኳኑ ደጃፍ ስትደርስ ቆም አለች። ጠዋት ለአለቃዋ ለአቶ እሸቴ፣ "የሟቹን እናት ቃል የምቀበለው እኔ ነኝ፤ ለቅሶ ቤት ገብቼ ምን ልሁን?" ብላው ነበር።

"ለቅሶ ያልደረስሻትን እናት በምን ዓይንሽ ልትጠይቂያት ነው?" አላት። "ሂጂ፣ ተቀመጪ፣ ንፍሮሽን ዝገኚና ተመለሺ።"

ሟቹ መሐሪ ከጉርድ ሾላ ጀርባ በሚሠራ ሕንፃ ዘበኛ ነበር፤ ዕፀገነት ደግሞ የሙስና መርማሪ ናት። ሕንፃው ከተፈቀደለት ፎቅ በላይ መውጣቱን ቀና ብሎ ያየ ሁሉ ያውቃል። ያልታየው ከሥር ያለው ነው። መሐሪ ደውሎ፣ "እህቴ፣ አንዱ ምሰሶ ተሰንጥቆ በልስን ሸፍነውታል። የግንባታ ፈቃድ ኃላፊዋ ራሷ መጥታ አይታዋለች። በስልክ አይሆንም፤ መጥቼ እነግርሻለሁ" አላት። ሲያወራ በዱላው የቆርቆሮውን በር ኳ፣ ኳ ያደርግ ነበር።

ሳይመጣ ቀረ። ከላይኛው ፎቅ የተናደ ግንብ የሚያድርባትን ክፍል ከነእሱ ደፈጠጣት። ፖሊስ ንፋስ ነው አለ። ሕንፃው ቀለም ተቀብቶ ተከራዮች ዕቃ ማስገባት ጀምረዋል። የትኛው ምሰሶ እንደሆነ የሚያውቅ ቢኖር እናቱ ወርቅዬ ብቻ ናቸው። መሐሪ የዋለበትን ሁሉ የሚነግረው ለእሳቸው ነበር።

የፈቃድ ኃላፊዋ አስመረት የዕፀገነት አበልጅ ናት። የዕፀገነትን ልጅ ሄርሞንን ክርስትና ያነሳቻት እሷ ነች። ዕፀገነት ይህን ለአቶ እሸቴ ነግራ፣ ጉዳዩን ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ለምናው ነበር። "በዚህ ከተማ አበልጅ የሌለው መርማሪ ካገኘሽ ወስደሽ ስጪው" ብሎ ሳቀባት።

ያልነገረችው ግን አለ። መሐሪ ሲደውልላት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ በአስመረት ቤት፣ ማኅበር ላይ ነበረች። ስልኩን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች። አውርታ ዘወር ስትል አስመረት የጠላውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። "ግቢ እንጂ፣ ይበርድሻል" አለቻት። ሰምታ ይሆን? ወይስ ገና መምጣቷ ነበር? ግንቡንስ በእውነት ንፋስ ጥሎት ይሆን? ዕፀገነት ይህን ማሰብ በጀመረች ቁጥር ሐሳቡን ከመጨረሻው ሳታደርስ ትተወዋለች።

ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ጥቂት እንደተቀመጠች አስመረት መጣች። ሰው ሁሉ ተነሣ፤ ዕፀገነትም ተነሣች። በለቅሶ ቤት ለመጣ ሰው መነሣት የሚታሰብበት ነገር አይደለም፤ ጉልበት ራሱ ያደርገዋል። አስመረት እየተንሰቀሰቀች መጥታ ተጠመጠመችባት።

"አበልጄ! አየሽ ይሄን ልጅ! አየሽ አበልጄ!"

ዕፀገነትም አቀፈቻት። በትከሻዋ ላይ አሻግራ ስታይ የወርቅዬ ዓይኖች እሷ ላይ ነበሩ። እንባቸው ቆሞ ነበር።

ሣልስቱ ካለፈ በኋላ ወርቅዬ ዘንድ ሄደች።

"እማማ፣ መሐሪ ስለ ሕንፃው የነገረዎት ነገር ነበር?"

"ልጄ ምንም አልነገረኝም።"

"ለእኔ እኮ በስልክ..."

"ስትስምሽ አይቻለሁ። ልጄን ያስበላችውን ሴት በገዛ ድንኳኔ ቆመሽ አቀፍሽልኝ።"

"ሥርዓት ሆኖብኝ ነው እማማ።"

"እኔስ ሥርዓት ሆኖብኝ አይደል ንፍሮ ያቀረብኩላት? ያቀፍኳት ግን እንዳይመስልሽ። ነጠላዬን ነው ያስያዝኳት።" በሩን አሳዩዋት። "አንድ ልጅ ነበረኝ። ነገረሽ፤ የሆነውን አየሽ። ሂጂ አሁን።"

ከዚያ ወዲያ ነው ኳኳታው የጀመረው። ከሾላ ገበያ ሽንኩርት ሸምታ ስትመለስ ከኋላዋ የሆነ ሰው ቆርቆሮ አጥር በዱላ እየነካ የሚከተላት ይመስላታል። ዘወር ስትል መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ዱላ የያዘ ግን የለም። ድካም ነው ብላ ተወችው። አንድ አመሻሽ ግን ሄርሞን ከቤት ሥራዋ ላይ ቀና ብላ፣ "ማሚ፣ በር እኮ እየተንኳኳ ነው" አለቻት።

"ማንም የለም።"

"ኧረ አለ! እስኪ ስሚ።"

ከፈተች። ማንም አልነበረም። ሳትዘጋው ብዙ ቆመች፤ ይግባ እንደማለት ያለ ነገር መሆኑ የገባት በኋላ ነው።

በአርባው ተዝካር ሳትጠራ ሄደች፤ ወርቅዬም አላስወጧትም። ሰው ቀምሶ ሲጨርስ አስመረት ገባች። ያገኘችውን እየሳመች መጥታ ከፊቷ ቆመችና እጆቿን ዘረጋች።

"አበልጄ! ምነው ጠፋሽብኝ? ሄርሞኔስ?"

"ደህና ናት" አለች ዕፀገነት፣ እንደተቀመጠች።

አስመረት ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ፣ "ተነሽ እንጂ፣ ሰው እያየን ነው" አለቻት።

"ይየን።"

"ልጅሽን ያነሳሁበት እጅ እኮ ነው!"

"አውቃለሁ።"

እጆቹ እንደተዘረጉ ቆዩ። ወሬው ከአጠገባቸው ጀምሮ እስከ ደጃፉ ጸጥ እያለ ሄደ። አስመረት እጆቿን ሰበሰበች። "እኔ ብቻዬን የፈረምኩ መሰለሽ?" አለች፣ ለዕፀገነት ብቻ በሚሰማ ድምፅ። "ለክርስትና ልጄስ ምን ብለሽ ልትነግሪያት ነው?"

ዕፀገነት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ አጥብቃ ያዘች። አስመረት የማንንም ፊት ሳታይ ወጣች።

ወርቅዬ ቀስ ብለው ተነሥተው መጡና ከጎኗ ተቀመጡ። መሬት መሬት እያዩ መናገር ጀመሩ።

"እሁድ ነበር። መኪናዋ መጣች፣ ከፈትኩ። የሕንፃው ባለቤትና መሐንዲሱ አብረዋት ነበሩ። 'አንተ ዞር በል' አለችኝ። ወዴት ዞር እላለሁ? ዘበኛ አይደለሁ?"

ድምፃቸው ጎርነን ብሏል። ሳህን ትሰበስብ የነበረች ጎረቤት ባለችበት ቀረች። ዕፀገነት እማማ ብላ ልታቋርጣቸው ፈለገች፤ ካቋረጠቻቸው ግን በአፋቸው የሚናገረው እንደሚሄድ ተሰማት።

"ከደረጃው ሥር ወረዱ። ምሰሶው ላይ ጣቴ የሚገባበት ስንጥቅ አለ። መሐንዲሱ 'ይፍረስ' ሲላት፣ 'ልሰኑት' አለች።"

"ከደረጃው በየት በኩል?"

"በግራ። የሲሚንቶው መጋዘን ግድግዳ ግማሹን ይዞታል። ግድግዳውን ሳያፈርስ ማንም አያገኘው።"

ዕፀገነት ወደ እሳቸው ጠጋ አለች።

"ከዚያስ ምን አደረግህ?" አለች።

"ምን አደርጋለሁ? ለሳኞቹ እስኪመጡ ጠበቅኩ" አሉ ወርቅዬ፣ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ እንደ ወንድ ዘርግተው፤ የለሳኞቹንም ስም በየተራ ይነግሯት ጀመር።