ከካርቶኑ ያልወጣው ራዲዮ

"ወይኔ ጋሼ! ወይኔ ጋሼ!"

ሴትየዋ ገና በሩ ላይ ሳለች፣ ፊቷን ያላየው ለቀስተኛ ሁሉ ድምፅዋን አወቀው። "ወለላ ናት! የራዲዮዋ!" ተባባለ፤ ሐዘኑን ለአፍታ ረስቶ አንገቱን አሰገገ።

የሟች ሚስት ብቻ ቀና አላለችም። ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፤ እስካሁን አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ባሏ በሕዝብ ራዲዮ ጣቢያው የማሰራጫ ቴክኒሻን ነበር፤ ይቺ ደግሞ የጠዋት አስተዋዋቂ። የዚህችን ድምፅ ላገር ሲበትን ውሎ፣ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ሁለት ቃል የማይተርፈው ሰው ነበር። "ጋሼ ድሮ!" አለች በልቧ።

"እትዬ፣ ያጽናዎት" አለች ወለላ ተንበርክካ።

"እርስዎንም ያጽናዎት። ከእኔ ብሰው የተጎዱ ይመስላሉ።"

የባሏ እህት ክንዷን ቆነጠጠቻት። "ኧረ እቴ፣ ሰው ይሰማሻል!"

"ይስማ። እሷ በራዲዮ ስትሰማ አይደል የኖረችው?"

ሟችና ሚስቱ ሲጋቡ ጣቢያው የሚሰራጨው በመካከለኛ ሞገድ ነበር፤ በስምንት መቶ አርባ ስድስት ኪሎ ኸርዝ። ማሰራጫው ኮረብታ ላይ ነው፤ የሚወስደው መንገድ በገደል አፋፍ ያልፋል። እሱ በወጣ ቁጥር ሆዷ አብሮት ይወጣል። ስልክ አልነበራቸውም።

"ፕሮግራም ሳይጀመር የአንድ ደቂቃ የሙከራ ድምፅ አለ" አላት ያኔ። "ሦስቴ ቆረጥ ቆረጥ አደርገዋለሁ። ደርሻለሁ ማለት ነው።"

ጠዋት ጠዋት፣ ሳሙና የነካ እጇን እንዳንጠለጠለች ራዲዮው ፊት ትቆማለች። ያ ቀጭን እዝዝታ ይመጣል፤ ጸጥ ይላል፤ ይመለሳል። ሦስቴ። አገር ሁሉ እየሰማው እሷ ብቻ የምታውቀው።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጣቢያው ወደ ኤፍ ኤም ዞረ። ድምፁ ይጠራል ተባለ። የእሷ አሮጌ ራዲዮ ግን ኤፍ ኤም የሚባል አያውቅም፤ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሿሿታ ብቻ ሆኖ ቀረ። በዚያው ወር ወለላ ተቀጠረች። በዚያው ወር ባሏ አዲስ ራዲዮ በካርቶን ይዞ መጣ።

"ጠዋት ክፈቺው" አላት።

"ማንን ልሰማበት? የስቱዲዮህን ማር?"

"ክፈቺውና ታውቂያለሽ።"

"ደስ ካለህ አንተው ክፈተው።"

ካርቶኑ አልጋ ሥር ገባ። እሱም ዳግመኛ አላነሳባትም። እልኸኛ ለእልኸኛ ነበሩ።

ለለቀስተኛው ሻይ ዞረ። ወለላ እንባዋን ጠርጋ፣ ቤቱ ሁሉ ጆሮውን ሲሰጣት እንደለመደችው ወሬዋን ጀመረች። አንቱ እንኳ አትለውም።

"ጋሼ አንድ አመል ነበረበት። እኔ እንደምን አደራችሁ ከማለቴ በፊት የሙከራውን ድምፅ ሦስቴ ይቆርጠዋል። በየቀኑ! አለቃችን ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎለታል። እሱ እቴ! 'ማሽኑን ጉንፋን ይዞት ነው' ይላል።"

ለቀስተኛው አፉን ይዞ ሳቀ። የሚስትየዋ ብርጭቆ አፏ ጋ ሳይደርስ ቀረ።

"እስከ መቼ?"

"ምኑ፣ እትዬ?"

"መቁረጡ ነዋ! እስከ መቼ ነው የቆረጠው?"

"ታሞ ሆስፒታል እስከገባበት ቀን ድረስ። ለማን ነው ስለው፣ 'ለአንዲት ኩሩ' አለኝ። እውነቴን ነው፣ ማን ትሆን ብዬ ቀንቼም አውቃለሁ!"

አሥራ ሁለት ዓመት። ካርቶኑ ላይ ተኝታ አሥራ ሁለት ዓመት። እስከዛሬ የቀናችው በሌለ ነገር ነበር፤ አሁን ግን የምትቀናበት እውነተኛ ነገር አገኘች። የእሷን ሰላምታ ይቺ ሴት በየጠዋቱ ስትሰማላት ኖራለች።

"ያቺ ኩሩ እኔ ነኝ" ማለት ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ዋጠችው። ሁሉን የሰማች፣ ይቺን እንኳ አትስማ።

"ሻይ ጨምሩላት" አለች ብቻ።

በማግስቱ ጠዋት ተንበርክካ ካርቶኑን ከአልጋው ሥር ጎተተችው። ራዲዮው ከነላስቲኩ ነው። መስታወቱ ላይ፣ ዘጠና ሦስት ነጥብ ሁለት ላይ፣ ባሏ ሽቦ የሚጠቀልልበት ቀይ ፕላስተር በቀጭኑ ተቆርጦ ተለጥፏል። ፈልጋ እንዳትደክም።

ሰካችው፤ መርፌውን ቀዩ ላይ አቆመችው። እዝዝታው መጣ። ጠበቀች። ማሽኑን የያዘው ሌላ እጅ ነው፤ ድምፁ አንዴም ሳይቆረጥ ቀጥ ብሎ ይነጉዳል።

"ምነው? ምን ሆንሽ?" አለች የባሏ እህት ከፍራሹ ቀና ብላ።

"ዝም በይ፤ ደቂቃው ሊያልቅ ነው።"

የድምፁን ቁልፍ በሁለት ጣቷ ያዘች። ጸጥ እስኪል አዞረችው፤ መለሰችው። አዞረችው፤ መለሰችው። ሦስተኛውን አዞረችና ሳትመልሰው ቆየች። የወለላ "እንደምን አደራችሁ" ቤቱ ሳይገባ በዚያ ጸጥታ ውስጥ አለፈ፤ እሷ ግን ቁልፉን እንደያዘች ነበረች፤ እንባዋ በጣቶቿ ላይ እየወረደ።