በሰጋቱራ ውስጥ የቀረው መኖ

ዶክተሩን ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው። እዚህ ግን «እሱ» ይበቃዋል።

ሥራዬ በምርምር ቤቱ የአይጦቹን ሳጥን ማጽዳት ነው። የቆሸሸውን ሰጋቱራ እደፋለሁ፣ አዲስ አነጥፋለሁ፤ ለዚህ ማንም አያጨበጭብልኝም። የሚጨበጨብለት እሱ ነው። ከሸርጣን ቅርፊት የሚሠራ ኪቶሳን የሚባል ዱቄት አለ። ዱቄቱን ከመኖ ጋር ቀላቅሎ ለሃያ ወፍራም አይጦች ሰጠ፤ ሌሎቹ ሃያዎቹ መኖውን ብቻ በሉ። በሁለተኛው ወር ዱቄት የተሰጣቸው አይጦች ከሱ፣ ስኳራቸው ወረደ፣ በሰገራቸውም ውስጥ ደህና ደህናው ባክቴሪያ በዛ ተባለ። ያን ቀን ሰውየው ደረቱን ነፍቶ ሲያልፍ ኮሪደሩ ጠበበው።

ውሸቴን ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ አይጦቹ ያ ዱቄት ያለበትን መኖ አይወዱትም። ያሸቱትና በእግራቸው ጭረው ሰጋቱራ ውስጥ ይቀብሩታል። ረዳቶቹ ግን ጠዋት ጠዋት መመገቢያውን ይመዝኑና የጎደለውን ሁሉ «ተበላ» ብለው ይጽፋሉ። ይህን ሁሉ ዓመት የተማረ ሰው፣ ከመመገቢያ የወጣ ሁሉ ሆድ ገባ ይላል! የራበው አይጥ ቢከሳ ምን ይገርማል? ባዶ አንጀት ውስጥ ያለው ባክቴሪያስ በጠገበው አይጥ ውስጥ እንዳለው ሆኖ ይቀጥላል እንዴ?

ነገርኩት። ከወረቀቱ ቀና ሳይል «አይጥ መቼ ሳያፈስ በልቶ ያውቃል? አንቺ መጥረግሽን ጥረጊ» አለኝ። ጠረግሁ።

በሳምንቱ ሬዲዮ ላይ ቀረበ። ከአፉ ማር ጠብ ይል ነበር። «የአንጀታችን ባክቴሪያዎች ከተስተካከሉ፣ የስኳር ክኒን የሚረሳበት ቀን ቅርብ ነው» አለ። ስኳር ያለባት ታላቅ እህቴ ቀኑ እስኪደርስ አልጠበቀችም። ዱቄቱን ከመድኃኒት ቤት ገዝታ ክኒኗን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«እትዬ፣ እኔ እኮ እዚያው ነኝ የምሠራው። አትመኚው» ብላት፣

«አይጥ ስር የምትጠርጊው አንቺ ከዶክተሩ ልትበልጪ ነው?» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስኳሯ አራት መቶ ገባ። ዓይኗ ደብዝዞ ሻይ ስትቀዳ ከብርጭቆው ውጪ ታፈስሰው ጀመር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖባት፣ አሁንም «ዱቄቱ ውስጥ ለውስጥ እየሠራ ነው» ትላለች። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዓይኗ ሊጠፋ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ከፍርሃቱ በኋላ ደሜ ፈላ።

ዱቄት የሚሰጣቸውን አይጦች የሳምንት ሰጋቱራ አልደፋሁትም፤ በወንፊት ነፋሁት። መኖውን ለይቼ በላስቲክ ይዤ ቢሮው ገባሁና ጠረጴዛው ላይ ያለው ሚዛን ላይ ዘረገፍኩት። ረዳቶቹ በዚያ ሳምንት «ተበላ» ብለው የጻፉት አራት መቶ ግራም ነው። ከሰጋቱራው ውስጥ የወጣው መቶ ሰማንያ መዘነ።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ይሄን ሌላ ሰው አይቶታል?» አለ። መጀመሪያ የመጣለት ጥያቄ ይህ ነው!

ስልኬን አውጥቼ እህቴ ጋ ደወልኩና አቀበልኩት። «ክኒንሽን ዋጪ ይበሏት» አልኩ።

ጉሮሮውን ጠራረገ። «እ... እናቴ፣ ዶክተሩ ነኝ... ክኒንዎን መልሰው ቢጀምሩ... ሳይሻል አይቀርም» ብሎ ተንተባተበ።

የእትዬ ድምፅ እኔ እስከቆምኩበት ተሰማ። «ዶክተሩማ እንዲህ አይንተባተብም! እሷ ናት የላከችህ፣ አይደል?» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ስልኩን መለሰልኝ። «እንግዲህ የተቻለኝን አደረግሁ» አለና ቦርሳውን አነሳ።

ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ገና ነዎት። እህቴ የምታምነው ሬዲዮውን ነው፤ ሬዲዮ ጣቢያው ጋ ይደውሉ።»

«ምን ብዬ?»

«‹አይጦቹ በቅጡ አልበሉም› ይበሉ። ሦስት ቃል ናት።»