የጎን እግሮች

መጋቢት አሥራ አንድ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የቤተ ሙከራው ማቀዝቀዣ ፓምፕ ድምፅ ተለወጠ። ለኪዋ ለውጡን መጀመሪያ የሰማችው በእግሯ ነው። እንቅልፍ እንደያዘው ሰው በአንድ ልክ ሲያንኮራፋ የከረመው ወለል ይንገዳገድ ጀመር። ቀጥሎ አጥንት ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረበት የሚመስል ድምፅ መጣ። እርሳሷን አስቀምጣ ተነሣች።

"ብርዱ" የሚሉት መካኒክ ሳትጠራው ደርሷል። ጆሮውን ፓምፑ ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት አዳመጠ።

"ኩሽኔታው ሄዷል" አለ።

"ምን ያህል ይቆያል?"

"እሱ ቢነግረኝ እነግርሽ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልለምነው። ከዚያ በኋላ ግን ማቀዝቀዣውን ቀስ እያደረግሁ ራሴ ባሞቀው ይሻላል። በራሱ ከቆመ ማሽኑንም ይዞት ነው የሚሄደው።"

"ውስጡ ያለችውስ?"

ብርዱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። "እህት ዓለም፣ እኔ ማቀዝቀዝ እንጂ ማዳን አልተማርኩም።"

በማቀዝቀዣው ሆድ ውስጥ የጥፍር ቅንጣቢ የምታህል ቁራጭ አለች፤ ባልደረባዋ ልጣጭ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራት። ልጣጭ ስሙ አልነበረም፤ ሥራው ነበር። ፕላስተር ክሪስታል ላይ ይለጥፋል፣ ይልጣል፣ የተላጠውን መልሶ ይልጣል፤ በመጨረሻ በማጉያ መነጽር ካልሆነ የማይታይ ስስ ሽፋን ይቀረዋል። ሁለት ሽፋን አግኝቶ አንዱን በአንዱ ላይ ትንሽ አጣሞ ይደርባል፣ ከጠጉር የቀጠኑ የወርቅ ሽቦዎችን እግር አድርጎ ይገጥምላታል፣ ሁለቱን ዋናዎቹን በጫፍና በጫፍ፣ ሁለቱን በጎን፣ ከዚያ "እንኪ፣ ልጅሽን" ብሎ ለለኪዋ ያስረክባል። መለካቱ የእሷ ነው። ለዓመታት እንዲህ ሠሩ። በጥር ወር፣ ሳል ነው ብሎ የናቀው ሕመም ሳንባው ገብቶ ወሰደው።

ከዚህች በፊት የነበሩት ቁራጮች ሁሉ ከቅዝቃዜ ሲወጡ ተሰንጥቀዋል። ለኪዋም ይህችኛዋን ሳታወጣት ቀረች። እሑድ ሳይቀር እየመጣች ያንኑ የለካችውን ትለካለች። ልጣጭ ከሞተ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ከአፏ የሚወጣው ለጥበቃው "እንደምን አደሩ"፣ ማታ ደግሞ "ደህና ያምሹ" ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ምሳዋን ቆማ ትበላለች። ተቀምጣ ከበላች ፊት ለፊቷ ያለው ወንበር ባዶ መሆኑ ይታያታል።

ቁራጯ ግን ጉደኛ ነበረች። ኤሌክትሪክ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲልኩባት፣ ማግኔት ሳይኖር፣ ማንም ሳይገፋው፣ ከፊሉ ወደ ጎን ያመራል። በእንዲህ ያሉ ስስ ሽፋኖች ላይ ይህን ያዩ ሰዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። ለሳይንስ መጽሔት ያዘጋጁት ጽሑፍ አልቋል። የልጣጭ ስም መጀመሪያ፣ የእሷ ቀጥሎ፣ የአለቃው መጨረሻ ላይ ሰፍሯል። አርብ ሊላክ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ስልኳ ጠራ። የልጣጭ እናት ናቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ይደውላሉ። በወጣትነታቸው ታይፒስት ስለነበሩ የኅትመት ነገር አያመልጣቸውም።

"የኔ ልጅ፣ በላሽ?"

"በልቻለሁ፣ እማማ።"

"ውሸታም። ድምፅሽ ባዶ ሆድ ነው። የልጄ ነገር ከምን ደረሰ?"

"አርብ ይላካል።"

"ስሙ በትልቁ ነው የሚጻፈው?"

"እንደ ሌላው ሰው ነው፣ እማማ። ግን መጀመሪያ ላይ ነው። ከጎኑ ትንሽ ምልክት ይደረግበታል፣ መሞቱን ለማሳወቅ።"

"ማንን ነው የሚያሳውቁት? እኔ አውቃለሁ። ይተዉት። ለጎረቤት ሁሉ ነግሬአለሁ እኮ። ያ ወደ ጎን የሚሄደውን ነገር ልጄ ነው ያገኘው ብዬ። 'ምንድነው እሱ?' ሲሉኝ፣ 'ራሱ ልጄ ነዋ' አልኳቸው። ዳቦ ግዛ ብዬ ስልከው መጽሐፍ ይዞልኝ ይመጣ አልነበር!"

ለኪዋ ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ አላስታወሰችም። እናትየውም ሳቁ። ማንኛቸውም ስልኩን መዝጋት አልፈለጉም፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣ ስለ ጎረቤት ድመት አወሩ።

ስልኩ ሲዘጋ፣ ሳምንታት ሙሉ ስትሸሸው የከረመችው ነገር ፊቷ ተደቀነ።

የጎን እግሮቹ ነገር ነው። ሁለቱ የጎን እግሮች ልክ ፊት ለፊት ካልተገጠሙ፣ ቀጥታ ከሚሄደው ኤሌክትሪክ የተወሰነው ያፈተልክና ወደ ጎን የሄደ ይመስላል። ሌሎች ሰዎች ይህን በማግኔት ያጣሩታል፤ የእነሱ ማሽን ማግኔት የለውም። የቀራቸው መንገድ ሽቦ መቀየር ብቻ ነው። በዋናዎቹ እግሮች ይላክ የነበረው በጎን እግሮች ይላካል፣ በጎኖቹ ይነበብ የነበረው በዋናዎቹ ይነበባል። የጎን ጉዞው እውነተኛ ከሆነ ምልክቱ ይገለበጣል፤ መደመር የነበረው መቀነስ ይሆናል። ምልክቱ እንዳለ ከቀረ ግን ማፍተለክ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ልጣጭ ግን ከልክሏት ነበር። "የጎኖቹን እንዳትነኪያቸው! ቀጭን ናቸው፣ ይቃጠላሉ" ብሎ። እሷም እሺ አለች። እሱ ሠሪው ነው፤ እግሮቹን የሚያውቃቸው እሱ ነው።

ወደ አለቃው ቢሮ ወጣች።

አለቃው ሰምተው ሲያበቁ መነጽራቸውን አወለቁ። "ያልታመመ ጥርስ ለምን ትነቅያለሽ? ያለን ልኬት ይበቃናል።"

"ዛሬ ካላየሁ መቼም አይታይም። ስትሞቅ ትሰነጠቃለች።"

"ቢቃጠልብሽስ?"

"ቢቃጠል ካለን አንቀንስም።"

"ምልክቱ ባይገለበጥስ?"

ለኪዋ ወደ በሩ ዞረች።

አለቃው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስሚኝ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ያ ልጅ ስሙን የሚያስጠራ ሌላ ነገር የለውም። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ፣ ያለችው ይህች ወረቀት ናት። እናቱ እንኳ ይደሰቱ።"

"ነገርን ከሥሩ ይባላል፣ ጌታዬ።"

"ይባላል። እኔ አድርጊ አላልኩሽም፣ አታድርጊም አላልኩሽም።" መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። "በሩን ዝጊልኝ።"

ስትመለስ ብርዱ ፓምፑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እንደ በሽተኛ ይጠብቀዋል። ለኪዋ የሽቦዎቹ ሣጥን ፊት ቆማ እጇን ዘረጋች፤ መልሳም ሰበሰበችው።

በዚያ ክፍል አንድ ልማድ አለ። ከሰው እጅ የሚነሣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ቁራጯን ሊገድላት ስለሚችል፣ ሽቦ የሚነካ ሰው ቀድሞ ከመሬት ጋር የተያያዘውን የብረት ዘንግ ይጨብጣል። ሌላው "መሬት ነሽ?" ይላል። "መሬት ነኝ" ካልተባለ ሽቦ አይነካም። ለዓመታት ሳይጠየቅ የተነካ ሽቦ የለም።

"ብርዱ፣ እባክህ አንድ ነገር በለኝ።"

"ምን ልበልሽ?"

"'መሬት ነሽ?' በለኝ።"

ብርዱ ከላይ እስከ ታች አያት። "ዛሬ ነው እንግዲህ የለየልሽ?"

"ሥራ ነው። እሱ ነበር የሚለኝ።"

ብርዱ ቀልዱን ተወው። ከበርጩማው ተነሣ፣ ቆቡን አወለቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "መሬት ነሽ?"

"መሬት ነኝ" አለች፣ የብረት ዘንጉን እንደ ጨበጠች። ሽቦዎቹን አለዋወጠች።

በጣም ትንሽ ፍሰት ላከች፤ ቀጭን እግር ሊሸከመው የሚችለውን ያህል ብቻ። ቁጥሩ ወጣ ወረደ፣ ከዚያ ረጋ። በፊት የነበረው ምልክት መደመር ነበር። ይኸኛውም መደመር ነው።

ሽቦዎቹን ወደ ቦታቸው መልሳ ለካች። እንደገና ለዋወጠች። ብርዱ በየመሐሉ ሳይለመን "መሬት ነሽ?" ይላል፤ እሷም ትመልሳለች። ፍሰቱን ከፍ አደረገች። ያው ቁጥር፣ ያው ምልክት። ወደ ጎን የሚሄድ ነገር አልነበረም። እግሮቹ ፊት ለፊት አልተገጠሙም ነበር፤ በቃ።

አልተቃጠሉምም።

ለኪዋ ያን ጊዜ ተቀመጠች። ልጣጭ የፈራው ለእግሮቹ ነበር ወይስ መልሱን? ቢኖር ትጮህበት ነበር። "አውቀህ ነው?" ትለው ነበር፤ እሱም "አንቺስ ለምን እሺ አልሽ?" ይላት ነበር፤ ሁለቱም እስኪደክማቸው ተጣልተው ሻይ ሊጠጡ ይወጡ ነበር። አሁን የምትጣላው ሰው የለም። ጥያቄው ከእሷ ጋር ይቀራል።

"ምን ሆነ?" አለ ብርዱ።

"የለም። ያየነው ነገር የለም።"

ብርዱ መቆጣጠሪያውን አየ፣ እሷን አየ። "ከእኔና ከአንቺ በቀር እዚህ ማንም አልነበረም። እኔ ደግሞ ፓምፕ እንጂ ቁጥር አላነብም።"

"አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ብርዱ።" ካፖርቷን ከማንጠልጠያው አወረደች። "አሙቀው።"

ለአለቃው ከጽሑፉ ስሟን እንዲያወጡና ልኬቱን እንዲያዩት አጭር መልእክት ልካ፣ ሁለት አውቶቡስ ለውጣ እናትየው ቤት ደረሰች። በስልክ መናገር ትችል ነበር። መንገድ ላይም ሁለት ጊዜ ስልኳን አውጥታ መልሳ ከትታዋለች።

እናትየው በሩን ከፍተው ሲያዩዋት ፊታቸው በራ። "አልኩ እኮ፣ ባዶ ሆድሽን ነሽ ብዬ! ግቢ፣ ግቢ።" የሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ባልዲ አለ። ጠረጴዛው ላይ ባዶ የፎቶ ክፈፍ ተቀምጧል። "ወረቀቱ ሲታተም የምሰቅልበት ነው" አሉ፣ ስታየው አይተው።

ለኪዋ ሳትቀመጥ ነገረቻቸው። ሳታለዝብ፣ ሳታከርር።

"ልጄ ዋሽቶ ነው?"

"አልዋሸም፣ እማማ። ተሳስተን ነው። እኔም እሱም።"

"አንቺ ባታዪው ማን ያውቅ ነበር?"

"አንድ ቀን ሌላ ቦታ አንድ ሰው ይደርስበታል። ያን ጊዜ ስሙ የሚነሣው በዚያ ነው።"

እናትየው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ባልዲው ሊሞላ ተቃርቧል። "እኔ ያን ጊዜ አልኖርም" አሉ። "አሁን ነበር የምፈልገው።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ከእንግዲህ ምን ብዬ ልደውልልሽ?"

ለኪዋ "እንዲሁ ይደውሉ" ልትል አፏን ከፈተች። እናትየው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። ካፖርቷን አወለቀች፣ የሞላውን ባልዲ አንሥታ ወደ ውጭ ይዛ ወጣች፣ ደፍታ መልሳ ቦታው ላይ አኖረችው። ከዚያ ሳትጠየቅ ከጎናቸው ተቀመጠች። እስኪመሽ ድረስ አልተነሣችም።

ቁራጯ ስትሞቅ ተሰነጠቀች። ጽሑፉ አልታተመም። እናትየው እስከ ክረምቱ ማብቂያ ስልክ አልደወሉም።